ስለ ዶሮ የትንፋሽ በሽታ

ምልክቱ፥ የታመመችዪቱ አያያዝና መከላከያው፤ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ላሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች

ዶሮ በገጠር ቤት ውስጥ ትንሽ ሀብት ትመስላለች፤ ጥቅምዋ ግን ትንሽ አይደለም። እንቍላልዋ ለሕፃንና ለአራስ ምግብ ይሆናል፤ ሲሸጥም የጨው፥ የሳሙናና የደብተር ዋጋ ይወጣዋል። በሬና ላም የባለቤቱ ተብለው ሲቈጠሩ ዶሮ አብዛኛውን ጊዜ የእመቤቲቱ ሀብት ናት፤ እመቤቲቱም በገዛ እጅዋ ለልጆችዋ የምታውለው ገንዘብ ከዶሮ የሚገኘው ነው። ከዚህም በቀር ለሕፃን ከጫጩቶች መካከል አንዲቱ «ያንተ ናት» ተብላ ትሰጠዋለች፤ እርሱም ስም አውጥቶላት፥ ከእንጀራው ቈርሶ እያበላ ያሳድጋታል፤ እርስዋም ድምፁን ለይታ ትከተለዋለች። ስለዚህ ዶሮ በሞተች ጊዜ ከቤቱ የሚጐድለው የገንዘብ ዋጋ ብቻ አይደለም።

በምዕራብ ሸዋ በአምቦና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞችና መንደሮች፥ ዶሮን ከሚያጠፉት በሽታዎች መካከል የበረቱት በትንፋሽ መንገድ የሚገቡት ናቸው። አንዲት ዶሮ ዛሬ ጧት ብታነጥስ ሰው ልብ አይላትም፤ ነገር ግን በሳምንቱ ቈጡ ባዶ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ያነጠሰችው ዶሮ ያለ ምንም መድኃኒት በጥቂት ቀን ትድናለች። ሰው ይህን ልዩነት ባለማወቁ አንዳንድ ጊዜ ለምትድነው ዶሮ ቢላዋ ያነሣል፤ አንዳንድ ጊዜም የማትድነውን ከደኅኖቹ ጋር አብሮ ያሳድርና ሁሉን ያጣል።

እንግዲህ የዚህ ትምህርት ፍሬው ይህ ነው፤ የዶሮ የትንፋሽ በሽታ ሁሉ አንድ አይደለም። በእንክብካቤ የሚድን አለ፤ ከያዘ በኋላ መድኃኒት የማይገኝለትም አለ። መድኃኒት የሌለውን ማሸነፍ የሚቻለው ዶሮዎቹ ገና በደኅና ሳሉ ነው። የታመመችውን ፈጥኖ መለየት ግን ለሁሉም ዓይነት በሽታ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

1ኛ፤ ዶሮ እንዴት እንደምትተነፍስ

የዶሮ ሳንባ እንደ ሰው ሳንባ እየሰፋና እየጠበበ አይሠራም። ትንሽ ሆኖ ከጀርባዋ አጠገብ ከጐድን አጥንቶችዋ ጋር ተጣብቆ ይኖራል። ከእርሱ ጋር የተያያዙ 9 ቀጫጭን የአየር ከረጢቶች በደረትዋና በሆድዋ ውስጥ ተዘርግተዋል፤ እነርሱም እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ አየሩን እየሳቡና እየገፉ በሳንባው ውስጥ ያሳልፉታል። በሰው ደረትና ሆድ መካከል ያለው፥ ለመተንፈስ የሚረዳው የሥጋ መጋረጃ በዶሮ ዘንድ የለም፤ እርስዋ የምትተነፍሰው የደረትዋን አጥንትና ጐድንዋን በማንቀሳቀስ ነው።

ከዚህ አፈጣጠርዋ ሦስት ነገር ይገኛል። አንደኛ፥ አቧራ፥ ጢስና የበሽታ ተሐዋስያን ከአየሩ ጋር ወደ ሰውነትዋ ጥልቅ ገብተው ስለሚቀመጡ የትንፋሽ በሽታ በዶሮ ላይ ይጸናል። ሁለተኛ፥ ደረትዋን በሁለት እጅ አጥብቆ የያዘ ሰው ትንፋሽዋን ይከለክላታል፤ የታመመች ዶሮ እንዲህ ተይዛ በእጅ ላይ ልትሞት ትችላለች። ሦስተኛ፥ የአየር መግቢያዋ ቀዳዳ ከምላስዋ ጀርባ በቅርብ ስለሚገኝ፥ አፍዋን ፈልቅቆ መድኃኒት ወይም ውሃ የሚያፈስ ሰው ወደ ሳንባዋ ሊያስገባው ይችላል።

ደኅና ዶሮ አፍዋን ገጥማ ያለ ድምፅ ትተነፍሳለች። ነገር ግን ዶሮ ላብ የላትምና፥ የሰውነትዋም ሙቀት በደኅናዋ ጊዜ እንኳ 41 ዲግሪ ያህል ነውና፥ በቀትር ፀሐይ አፍዋን ከፍታ ብታለከልክ ራስዋን ማብረድዋ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። በማለዳ ብርድ ወይም በማታ አፍዋን ከፍታ፥ አንገትዋን ወደ ላይ መዝዛ የምትተነፍስ ዶሮ ግን ታማለች። የትንፋሽን በሽታ አስቀድሞ ለማወቅ ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ዶሮዎቹ ቈጥ ላይ ከሰፈሩ በኋላ ነው፤ ሰው መብራት ሳይዝ ቀርቦ ዝም ብሎ ቢያዳምጥ፥ በቀን ጫጫታ የማይሰማው ማንኰራፋት፥ ሳልና ማነጠስ በዚያ ጸጥታ ይሰማዋል።

2ኛ፤ በእንክብካቤ ስለሚድኑትና ቀስ ብለው ስለሚጐዱት

ተሐዋስያን ሳይኖሩበት የሚመጣ የትንፋሽ ችግር አለ። በጄልዱና እንደ እርስዋ ባሉ ደጋ አገሮች ሌሊቱ ብርድ ስለ ሆነ፥ ዶሮ ከሰውና ከከብት ጋር በተዘጋ ቤት ታድራለች። በዚያም የማገዶው ጢስና ከእርጥብ ኵስ የሚነሣው፥ አሞኒያ የሚባለው እንፋሎት ዓይንዋንና ጕሮሮዋን ያቃጥላል። መመርመሪያው ቀላል ነው፤ ሰው ጧት በሩን ሳይከፍት ወደ ዶሮዎቹ ማደሪያ ዝቅ ቢልና ዓይኑ እንባ ቢያቀርር፥ አፍንጫውንም ቢሰነፍጠው፥ ያ አየር ለዶሮ ይጐዳል። ኵሱ ተጠርጎ ደረቅ ጭድ ሲነጠፍ፥ ከቈጡም በላይ ጢስና እንፋሎት የሚወጣበት ቀዳዳ ሲበጅ ብዙው ሳል ይጠፋል።

በበጋ ወራት ለምለም ቅጠል ሲታጣ ደግሞ ቫይታሚን ኤ የተባለው የምግብ ኃይል ይጐድልና የዶሮ ዓይን ይጣበቃል፤ በአፍዋና በጕሮሮዋም ውስጥ ነጫጭ ነጠብጣብ ይወጣል። ጐመን፥ የካሮት ቅጠልና ቢጫ በቆሎ ለዚህ መከላከያ ናቸው።

ከተሐዋስያን ከሚመጡት አንዱ ኮራይዛ የሚባለው የዶሮ ጕንፋን ነው። ይህ ባክቴሪያ በመጠጥ ውሃና በትንፋሽ ከአንዲቱ ወደ ሌላዪቱ ይተላለፋል፤ ምልክቱም ከተያዘች ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ይገለጣል። ፊትዋና የዓይንዋ ዙሪያ ያብጣል፤ ከአፍንጫዋ የሚወርደው ንፍጥ እየወፈረ ይሄድና መጥፎ ሽታ ያመጣል። ከዚህ በሽታ የሚሞቱት ጥቂቶች ናቸው፤ ነገር ግን እንቍላል መጣል ይቀንሳል። የዳነችዪቱም ዶሮ በሽታውን በውስጥዋ ይዛ ልትቀርና ለሌሎች ልታስተላልፍ ስለምትችል፥ ከደኅኖች መንጋ ጋር መቀላቀል አይገባትም።

ሁለተኛው ማይኮፕላዝማ ከሚባሉት ተሐዋስያን የሚመጣው፥ ሥር ሰድዶ የሚቈይ የትንፋሽ በሽታ ነው። ይህ ፈጥኖ አይገድልም፤ ዶሮዋ ለሳምንታት ታንኰራፋለች፥ ትከሳለች፥ እንቍላልዋም ይቀንሳል። ከሌሎቹ የሚለየው በእንቍላል ውስጥ ከእናት ወደ ጫጩት የሚተላለፍ በመሆኑ ነው። ስለዚህ ከምታንኰራፋ ዶሮ የተገኘ እንቍላል ለማስታቀፍ አይመረጥም።

ሦስተኛው የዶሮ ፈንጣጣ ነው። ይህን ቢንቢ ከአንዲቱ ወደ ሌላዪቱ ስለምታደርሰው ሙቀትና ርጥበት ባለባቸው ቆላማ ስፍራዎችና በዝናም ጊዜ ይበዛል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ላባ በሌለበት በፊትዋ ላይ በሚወጣ ቅርፊት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን በአፍዋና በጕሮሮዋ ውስጥ ቢጫ ሽፋን ሠርቶ አየር ይከለክላታል። ይህን ሽፋን በኃይል መላጥ ደም ያፈስሳል እንጂ አያድንም። ከዚህም ሌላ የዶሮ ብሮንካይተስ የሚባል በሽታ አለ፤ እርሱ ጫጩቶችን ያፍናል፥ የዶሮዎችንም የእንቍላል ቅርፊት ያሳሳል፥ መልኩንም ያበላሻል።

3ኛ፤ ስለ ፈንግል

ከእነዚህ ሁሉ የሚከፋው፥ ሕዝቡ ፈንግል ብሎ የሚጠራው ነው። በሌላው ዓለም የኒውካስል በሽታ ይባላል፤ ይህንንም ስም ያገኘው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1926 በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ አጠገብ በታየ ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት በጃቫ ደሴትም ታይቷል። በአገራችን በምርመራ ታውቆ የተጻፈው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1971 ሲሆን፥ ይኸውም ያን ጊዜ በኢትዮጵያ ግዛት በነበረችው በአስመራ አጠገብ በሚገኝ የዶሮ እርባታ ነው።

ፈንግል የሚመጣው ቫይረስ ከሚባለው፥ ከባክቴሪያም እጅግ ከሚያንሰው የበሽታ ዘር ነው። ወደ ዶሮዋ ከገባ በኋላ ብዙ ጊዜ በ5 ወይም በ6 ቀን ይገለጣል፤ ነገር ግን ከ2 ቀን እስከ 15 ቀን ሊቈይ ይችላል። መጀመሪያ ዶሮዋ ላባዋን አንዠርግጋ፥ ክንፍዋን ጥላ ታንቀላፋለች። ከዚያም ታነጥሳለች፥ ትስላለች፥ አፍዋን ከፍታ ታለከልካለች፤ ኵስዋም እንደ ውሃ ቀጥኖ አረንጓዴ ይሆናል። ከሞት የቈየች እንደ ሆነ አንገትዋ ይጠመዘዛል፥ እግርዋና ክንፍዋ ይሰንፋል፥ ክብ እየዞረችም ትወድቃለች። አንዳንድ ጊዜ ግን ይህ ሁሉ ምልክት ሳይታይ ማታ ደኅና የነበረችው ጧት ሞታ ትገኛለች። ክትባት ባላገኘ መንጋ ላይ ኃይለኛው ዓይነት የገባ እንደ ሆነ ከ100 ዶሮዎች 90 ወይም ከዚያ የበለጡ ሊሞቱ ይችላሉ።

ከጕንፋን የሚለይበትን ምልክት በሚገባ ማወቅ ያሻል። ጕንፋን ፊትን ያሳብጣል፥ ይሸታል፥ ጥቂት ይገድላል። ፈንግል ግን ትንፋሽንና ሆድን በአንድነት ይይዛል፥ አንገትን ያጠምዛል፥ ብዙ ዶሮዎችንም በጥቂት ቀን ውስጥ ይገድላል። ስለዚህ ሳልና አረንጓዴ ኵስ አብረው በታዩ ጊዜ፥ ወይም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ከአንዲት የበለጡ ዶሮዎች በሞቱ ጊዜ፥ ሰው ፈንግል መሆኑን ጠርጥሮ ወዲያው ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ማስታወቅ ይገባዋል። ይህን የመሰለ ብዙ ሞት ከሌላ ከባድ በሽታም ሊመጣ ይችላልና፥ ቍርጡን የሚያውቀው መርምሮ ነው።

4ኛ፤ የታመመችዪቱን ዶሮ ስለ መርዳት

አንዲት ዶሮ ስታነጥስ ወይም ስታንኰራፋ በተገኘች ጊዜ ምክንያቱ እስኪታወቅ ሳይጠበቅ ከዚህ የሚቀጥለው ይደረጋል።

አንደኛ፥ በዚያው ሰዓት ከሌሎቹ ተለይታ በሌላ ጐጆ ወይም በራቀ ማዕዘን ትቀመጣለች። የምትበላበትና የምትጠጣበት ዕቃ ለብቻው ይሆናል። የሚመግባቸው ሰው አስቀድሞ ደኅኖቹን፥ በኋላ የታመመችውን ይመግባል፤ ከዚያም እጁን በሳሙና ይታጠባል። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው በሽታውን በገዛ እጁና በጫማው ያደርሳል።

ሁለተኛ፥ ደረቅ ጭድ በተነጠፈበት ቅርጫት ውስጥ፥ ነፋስ በማይመታት ነገር ግን አየር በሚገኝበት ስፍራ ትተኛለች። ሙቀት ያስፈልጋታል ተብሎ ምድጃ ዳር ማኖር ስሕተት ነው፤ ጢሱ በሽታዋን ያብሰዋል።

ሦስተኛ፥ ንጹሕ ውሃ በየጊዜው ይቀርብላታል። መጠጣት ያቃታት እንደ ሆነ የምንቃርዋ ጫፍ ብቻ በውሃ ውስጥ ይነከራል፥ እርስዋም ራስዋ ትውጣለች። በአፍዋ ማፍሰስ ግን ቀደም ብሎ ስለ ተነገረው ምክንያት አይገባም።

አራተኛ፥ ዓይንዋና አፍንጫዋ የተጣበቁ እንደ ሆነ፥ ተፈልቶ ለብ ባለ ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ትንሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይሟሟና፥ በንጹሕ ጨርቅ እየተነከረ በቀስታ ይጠረጋል። ጨርቁ ተመልሶ ለሌላ ሥራ አይውልም፥ ይቃጠላል እንጂ።

አምስተኛ፥ ለመዋጥ የማያስቸግር ምግብ ይሰጣታል፤ ይኸውም በውሃ የራሰ የእንጀራ ፍርፋሪ ወይም የበቆሎ ዱቄት፥ የተከተፈ ጐመን፥ የተቀቀለና የደቀቀ እንቍላል ነው።

ስድስተኛ፥ ስትያዝ ክንፎችዋ ከሰውነትዋ ጋር በቀስታ ታቅፈው፥ ደረትዋ ሳይጨመቅ ትያዛለች።

ሰባተኛ፥ ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ የቤቱ ልጅ በየቀኑ የሚያየውን በወረቀት ይጽፋል፤ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፥ የታመሙትንና የሞቱትን ቍጥር፥ የኵሱን መልክ፥ በቅርቡ ከገበያ የመጣ ዶሮ መኖሩንና አለመኖሩን ይመዘግባል። ይህ ጽሑፍ ለሐኪሙ ግማሽ ምርመራ ይሆንለታል።

ስለ ሕፃኑም ማሰብ ያስፈልጋል። ዶሮዪቱን የሚወድ ልጅ በታመመች ጊዜ አብልጦ ሊያቅፋትና ሊስማት ይፈልጋል። ፈንግል ወደ ሰው ሲያልፍ ዓይንን ለጥቂት ቀን ከማቅላት የሚበልጥ ጕዳት እምብዛም አያደርስም፤ ነገር ግን ከወፎች ወደ ሰው የሚያልፉ ሌሎች የሚያሠጉ በሽታዎች አሉ። ስለዚህ ልጁ ከፊቱ ሳያቀርባት፥ እጁን እየታጠበ ውሃዋን እንዲቀይርና ማስታወሻዋን እንዲጽፍ ቢደረግ ፍቅሩን የሚገልጥበት የተሻለ ሥራ ያገኛል።

5ኛ፤ ስለ ባህል መድኃኒትና ስለ ሐኪም መድኃኒት

በየአገሩ ሰው ለታመመች ዶሮ ፌጦ፥ ነጭ ሽንኵርት፥ ሎሚ ወይም አረቄ በውሃ በጥብጦ ይሰጣል። ነጭ ሽንኵርት በጥቂቱ ቢሰጥ ብዙ አይጐዳም፤ አረቄ ግን ለደከመች ዶሮ ጕዳት ነው። ከነዚህ አንዱም ፈንግልን አያድንም። ፌጦ ከተሰጣት በኋላ የዳነች ዶሮ የዳነችው ብዙ ጊዜ በሽታዋ በራሱ የሚሻል ጕንፋን ስለ ነበረ ነው፤ ሰውም ይህን አይቶ በፌጦ ታምኖ ሲቀመጥ ፈንግል ሲመጣ ሁሉን ይወስድበታል።

የሐኪም መድኃኒትም ወሰን አለው። አንቲባዮቲክ የተባሉት፥ እንደ ኦክሲቴትራሳይክሊን፥ ዶክሲሳይክሊንና ታይሎሲን ያሉት፥ ባክቴሪያንና ማይኮፕላዝማን ይዋጋሉ፤ ስለዚህ ለኮራይዛና ሥር ለሰደደው የትንፋሽ በሽታ ይረዳሉ። ቫይረስን ግን አይነኩትም፤ ስለዚህ ለፈንግል ማዳኛ አይሆኑም። አንዳንድ ሰው ለሰው የተገዛውን የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈትቶ በግምት በውሃ ይበጠብጣል፤ ይህ አይገባም። መጠኑ ያነሰ እንደ ሆነ ተሐዋስያኑ መድኃኒቱን ይለምዱታል፤ የለመዱትም ተሐዋስያን ነገ ሕፃኑን በያዙት ጊዜ ያው መድኃኒት እርሱን ላያድነው ይችላል።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው የእንስሳት ሐኪሙን ስንት ቀን እንደሚሰጥ መጠየቅና ዶሮዋ ቢሻላትም እስከ መጨረሻው ቀን መስጠት አለበት። ደግሞም እንቍላልዋንና ሥጋዋን ለመብላት ስንት ቀን መጠበቅ እንደሚገባ ሊጠይቅ ያስፈልገዋል፤ መድኃኒቱ ለጥቂት ቀን በእንቍላልዋና በሥጋዋ ውስጥ ይቈያልና። በጉደር በሚገኘው በአምቦ ዩኒቨርሲቲ የማሞ መዘምር ግቢ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ይሰጣል፤ በየወረዳውም የእንስሳት ጤና ሠራተኞች አሉ። ስለዚህ ምክር የሚፈልግ ሰው ከመድኃኒት ሻጭ አስቀድሞ እነርሱን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

6ኛ፤ ስለ ገበያ

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ አዲስ ዓለምን፥ ጊንጪን፥ አምቦን፥ ጉደርን፥ ጌዶንና ባኮን እየነካ ያልፋል። በዚህ መንገድ ዳር ባሉት ገበያዎች ከደጋና ከቆላ የመጡ ዶሮዎች ይገናኛሉ፤ በተለይም ለእንቍጣጣሽ፥ ለገናና ለፋሲካ ነጋዴዎች ሰብስበው ወደ አዲስ አበባ ይወስዷቸዋል። በአንድ ቅርጫት ውስጥ ከዐሥር ቤት የመጡ ዶሮዎች ትንፋሽ ለትንፋሽ ይውላሉ። ሳይሸጥ ወደ ቤት የተመለሰ ዶሮ፥ ለእርባታ የተገዛች ቄብ፥ ቅርጫቱም ራሱ የበሽታውን ዘር ይዞ ወደ መንደር ይገባል። ብዙ ጊዜ ፈንግል ከነፋስ የመጣ የሚመስለው ሰው ይህን መንገዱን ስለማያይ ነው።

ከዚህም የሚብስ አንድ ልማድ አለ። በጐረቤት የዶሮ ሞት በተሰማ ጊዜ፥ ወይም የራስዋ ዶሮዎች ማንቀላፋት በጀመሩ ጊዜ፥ እመቤቲቱ «ሳይሞቱብኝ ልሽጣቸው» ብላ ሁሉን ወደ ገበያ ታወጣለች። ይህን በክፋት የምታደርገው አይደለም፤ የልጆችዋ የደብተር ዋጋ በእነዚያ ዶሮዎች ላይ ነውና። ነገር ግን ደኅና የሚመስሉት እንኳ በሽታው ገብቶባቸው ምልክቱ ያልተገለጠ ሊሆን ይችላል። የገዛችዪቱም ሴት እንደ እርስዋ የልጅ እናት ናት፤ በ5ኛው ወይም በ6ኛው ቀን የራስዋን መንጋ ሁሉ ታጣለች። ከዚያም እርስዋ በተራዋ ወደ ሌላ ገበያ ታወጣለች፤ እንዲህም ሆኖ በሽታው ከጊንጪ እስከ ባኮ በሰው እግር ይሄዳል።

ይህን ልማድ በቍጣ ብቻ ማስቀረት አይቻልም፤ ተግሣጽ የደብተር ዋጋ አይሆንምና። የመንደሩ ሽማግሌዎች በእድር ወይም በሌላ ማኅበር ቢመክሩበትና፥ በሽታ የገባበትን መንጋ ከገበያ ያስቀረች ሴት በሽታው ካለፈ በኋላ ከጐረቤት አንድ ቄብ ወይም ለመታቀፍ የሚሆን እንቍላል እንድታገኝ ቢስማሙ፥ አንዲት ሴት ስለ ሁሉ የከፈለችውን ዋጋ ሁሉም ይካፈላል። ይህ ደቦ በእርሻ እንደሚደረገው ያለ መረዳዳት ነው፤ ዛሬ የረዳችውም ነገ ትረዳለች።

የሞተ ዶሮ በጥልቅ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። ለውሻ መጣል፥ ወደ ሁሉቃ ወይም ወደ ጉደር ወንዝ መወርወር በሽታውን ለታችኛው መንደር መላክ ነው። የታመመችውን አርዶ ላባዋንና የሆድ ዕቃዋን በደጅ መጣልም እንደዚሁ ነው።

7ኛ፤ ስለ ክትባት

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምክር ከፈንግል በቀር ይበልጥ የሚስማማው በሽታ አይገኝም። ፈንግልን የሚከላከለው ክትባት በአገራችን ይሠራል፤ በቢሾፍቱ በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ለዶሮና ለሌሎች እንስሳት ክትባት ያዘጋጃል። በዚያችው ከተማ የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከልም ይገኛል፤ ሥራውም በአፍሪካ የሚሠሩ የእንስሳት ክትባቶች ጥራታቸው የተጠበቀ መሆኑን መመርመር ነው።

ክትባቱ ከአንድ ዓይነት የበለጠ ነው። ላሶታና ኤች ቢ ዋን የሚባሉት በብርድ መጠበቅ ያስፈልጋቸዋል፤ ሙቀት ካገኛቸው ይሞታሉ። አይ ቱ የሚባለው ግን በአውስትራሊያ አገር በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ማቀዝቀዣ ለሌላቸው መንደሮች ታስቦ የተገኘ ስለ ሆነ ሙቀትን ከሌሎቹ ይልቅ ይታገሣል፤ እርሱም ቢሆን ከፀሐይ መጠበቅ አለበት። አንዲት ጠብታ በዶሮዋ ዓይን ውስጥ ትንጠባጠባለች፤ ዶሮዋም ዓይንዋን እስክትጨፍን ድረስ ትያዛለች። በመጠጥ ውሃ የሚሰጥ እንደ ሆነ ውሃው የቧንቧ መድኃኒት ያልገባበት መሆን ይገባዋል፤ ክሎሪን ክትባቱን ይገድላልና።

ሦስት ነገር መታወቅ አለበት። ክትባት የታመመችውን አያድንም፤ ለደኅና ዶሮ ብቻ ይሰጣል። ኃይሉም ወዲያው አይገኝም፤ ሰውነትዋ መከላከያውን እስኪያበጅ ድረስ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ያስፈልጋል። ለዘለዓለምም አይቈይም፤ በየ3 ወይም በየ4 ወሩ ይደገማል። ለምሳሌ በኅዳር፥ በመጋቢት መጀመሪያና በሐምሌ ቢሰጥ፥ ከገና፥ ከፋሲካና ከእንቍጣጣሽ ገበያ አስቀድሞ ይደርሳል። ቀኑን ግን የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ይወስነዋል።

አንድ የክትባት ጠርሙስ ለብዙ ዶሮዎች የተዘጋጀ ነው፤ ከተበጠበጠም በኋላ አይቀመጥም። ስለዚህ 5 ዶሮ ያላት ሴት ብቻዋን ብትገዛው ታባክነዋለች። 20 ቤት ሆነው በአንድ ቀን ቢያስከትቡ ግን ለእያንዳንዱ ዶሮ የሚወጣው ገንዘብ ጥቂት ይሆናል። ደግሞም የአንዱ ቤት ዶሮ ተከትቦ የጐረቤቱ ሳይከተብ ቢቀር በሽታው መግቢያ ያገኛል።

8ኛ፤ ስለ ማደሪያና ስለ አዲስ ዶሮ

ከገበያ የተገዛች ዶሮ ቢያንስ 2 ሳምንት፥ ቢቻል አንድ ወር ለብቻዋ ተቀምጣ ከታየች በኋላ ከመንጋው ጋር ትቀላቀላለች። የዶሮ ማደሪያ ዝናም የማያስገባ፥ ከላይ አየር የሚያገኝ፥ ወለሉ ደረቅ ይሁን። ኵሱ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ይጠረግ፤ የውሃው ዕቃ በየማለዳው ይታጠብ። በሽታ ከገባበት ቤት ኵሱና ጭዱ ወጥቶ ይቃጠላል፤ ቈጡና ግድግዳው በሳሙና ታጥቦ በበረኪና ውሃ ይረጫል ወይም በኖራ ይቀባል፤ ፀሐይም እንዲገባበት ክፍት ይተዋል። አዲስ ዶሮ በዚያው ሳምንት ማስገባት የሞተውን ለመተካት ሌላ ሞት መግዛት ነው።

ለመምህሩና ለሽማግሌዎች

ይህን ትምህርት የሚያስተምር መምህር ቃሉን ተማሪዎቹ በሚሰሙት ቋንቋ ያስረዳ፤ በቤት ዶሮን ሉኩ ብለው የሚጠሩ ልጆች ትምህርቱን ለእናታቸው የሚያደርሱት በኦሮምኛ ነውና። ከንግግርም ይልቅ ሥራ ይበልጣል። ተማሪዎቹ በየቤታቸው ያሉትን ዶሮዎች ቍጥር፥ የተከተቡበትን ወር፥ የታመሙትንና የሞቱትን በአንድ ሰሌዳ ላይ ቢጽፉ፥ ያ ሰሌዳ ዓመቱ ሲፈጸም በሽታው መቼና በማን ደጅ እንደ ገባ ለመንደሩ ሁሉ ያሳያል። ሽማግሌዎችም የክትባቱን ቀን በእድር ስብሰባ ቢያስነግሩ ከጽሑፍ ይልቅ ይሰማል።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. በቀትር አፍዋን ከፍታ የምታለከልክ ዶሮና በማለዳ እንዲሁ የምታደርግ ዶሮ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
2. የታመመች ዶሮን ደረትዋን አጥብቆ መያዝ ስለ ምን ይጐዳል?
3. ኮራይዛና ፈንግል በምን በምን ምልክት ይለያያሉ?
4. አንቲባዮቲክ ፈንግልን የማያድነው ስለ ምንድን ነው?
5. ደኅኖቹን አስቀድሞ፥ የታመመችውን በኋላ መመገብ ምን ይጠቅማል?
6. በሽታ ከገባበት መንጋ ደኅና የሚመስለውን መሸጥ ስለ ምን አይገባም? ሳትሸጥ የቀረችውን ሴት መንደሩ በምን ሊረዳት ይችላል?
7. በመንደሩ ውስጥ ስንት ዶሮዎች አሉ? የሚቀጥለው ክትባት በየትኛው ወር ቢሰጥ ይሻላል?